ከፋይ እሷ፣ ባለቤት እሱ

መጋረጃ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው «ሜትር» ይላታል፤ ልጆቹ አክብረው «እትዬ ሜትር» ያደርጉታል። እሷም ለምዳዋለች። ሰው ቤት ስትገባ ከሰዎቹ ፊት ቀድማ የምታየው መስኮቱን ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄዳ እያለቀሰች የመስኮቱን ወርድ በስንዝር ስትለካ ተገኘች እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው። በዓይኗ ነበር የለካችው።

ይህች የሰውን መስኮት ሁሉ ስታለብስ የኖረች ሴት የራሷ መስኮት ግን ዕርቃኑን ቀርቷል ማለት ይቻላል። የምትኖርበት አንድ ክፍል የኪራይ ነው። አከራይዋ ደግሞ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት በፍጹም አትፈቅድም፤ «ምስማር የሚያምረው በገዛ ቤቱ ይምታ» ትላለች። ስለዚህ ዘንግ የለ፣ ቀለበት የለ። አንድ ቁራጭ ጨርቅ በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ የሲባጎው አንዱ ጫፍ መስኮቱ ማጠፊያ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ቁም ሣጥን ላይ በተጫነ ሻንጣ እጀታ ላይ ታስሯል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሻንጣው ይንቀሳቀሳል። ደንበኞቿ ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሏት እንጃ። ደግነቱ በአከራይዋ ሕግ ደንበኛም ሆነ ዘመድ እዚያ ቤት ብዙ አይቆይም፤ እንግዳ ከሁለት ሌሊት በላይ አያድርም፣ ውሃ ይጨርሳል።

የምስማሩ ሕግ ሜትርን አላስለቀሳትም። ያስለቀሳት የእንግዳው ነው። እናቷ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በሌላ ከተማ፣ ከወንድ ልጃቸው ቤት ነው። ልጃቸውም ክፉ አይደለም፣ ምራታቸውም ክፉ አይደለችም፤ ክፉው ቤቱ ነው፣ ይጠባል። የእሳቸው አልጋ ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ቀን ቀን የሁሉ ሰው መቀመጫ ነው። እንግዳ ይቀመጥበታል፣ የልጅ ልጆች ይዘሉበታል፤ ማታ ቴሌቪዥኑ ካልጠፋና የመጨረሻው ሰው ካልተነሣ አሮጊቷ ጋደም ማለት አይችሉም። ወገባቸውን እየቆረጠማቸው፣ ዓይናቸው እየተከደነ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ከሰው እኩል ይስቃሉ። ሜትር ልትጠይቃቸው በሄደችበት አንድ ቀን ይህን አየች። እናቷ ባልገባቸው ፊልም ይስቁ ነበር። ስትሰናበታቸው ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ፣ «እማ፣ የራሱ በር ያለው ክፍል እሠራልሻለሁ» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኖረችው ለዚህ ቃል ነው።

ባሏ መስታወት ገጣሚ ነው። የተገናኙትም አዲስ ቤት ውስጥ፣ አንድ መስኮት ላይ ነው፤ እሱ መስታወት ሲገጥም እሷ ለመጋረጃ ልትለካ መጥታ በመሰላል ተጣሉ።

«እኔ ብርሃን ላስገባ እለፋለሁ፣ አንቺ ትጋርጃለሽ» አላት።

«አንተ የሰው ገበና ታወጣለህ፣ እኔ እሸፍናለሁ» አለችው። በዚያው ተጋቡ። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ አብረው አልቅሰው ሁለተኛ አላነሡትም።

«እሺ» የሚለው ቃል ለዚህ ሰው የተፈጠረ ይመስላል። ትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሉት እሺ፣ አበድረኝ ሲሉት እሺ፣ ና ሣጥን አሸክመኝ ሲሉት እሺ። ሜትር የወደደችውም ለዚሁ ነው፤ «ከአፉ አይሆንም ወጥቶ አያውቅም» እያለች በጓደኞቿ ፊት ትኮራበት ነበር። ይሉኝታ የሚባል በሽታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ በሽታ የያዘውን ሰው ሐኪም ቤት ይወስዱታል፤ ይህኛው የያዘውን ግን ጨዋ ነው እያሉ ያመሰግኑታል።

እንግዲህ ቆጣቢዋ እሷ ሆነች። የሱ ገንዘብ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ዘመድ ያገኛል። «ያንተ ለኪራይና ለአስቤዛ ይሁን፣ የኔ ለቦታ ይሁን» አለችው፤ እሺ አለ። ሜትር ቀን በአንድ መጋረጃ ሱቅ የሰው ተቀጣሪ ሆና፣ ከሥራ መልስ ደግሞ በራሷ ማሽን ትሰፋ ጀመር። በታክሲ የሚኬደውን በእግሯ ሄደች። ጫማ ከመግዛት ሶሉን አስለጠፈች፣ እንደገና አስለጠፈች፤ ጫማ ጠጋኙ «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ የምለጥፈው ከምኑ ላይ ነው?» እስኪላት ድረስ። ጥርሷን ያመማት ጊዜ ማስሞላት ውድ ነው ብላ አስነቀለችው። ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርገው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የነሱ እንቁላል እግር እስኪያወጣ የሜትር ፀጉር ገብስማ ሆነ።

ከከተማው ዳር መሬት ሸንሽኖ፣ በየወሩ እያስከፈለ የሚሸጥ ድርጅት መኖሩን የሰማችው ከአንዲት ደንበኛዋ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ እንደሞላላት ከሱቁ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ባሏ ያን ቀን ፎቅ ላይ መስታወት ይገጥም ስለነበር ብቻዋን ነች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከፊቷ የነበሩት ሁሉ እየፈጠኑ ሲወጡ እሷም እንዳትዘገይ ልቧ ይመታል። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች።

«የከፋይ ስም?»

ሜትር የራሷን ስም ከነአያቷ ተናገረች።

«ባለቤት?»

እስቲ ፍረዱ። ለባለ ትዳር ሴት ይህ ጥያቄ እንዲህ በአንድ ቃል ይቀርባል? «ባለቤትሽ ደህና ነው?» «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ስትባል የኖረች ሴት፣ ባለቤት ሲሏት ከባሏ ሌላ ምን ይታያታል? ሜትር ደረቷን ነፍታ የባሏን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ነገረቻት። ጸሐፊዋ ጻፈች፣ ማኅተሙን አሳረፈች፣ «ቀጣይ!» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ነገሩ የታወቀው ባልየው ተጠርቶ ሊፈርም ሲሄድ ነው። «የቦታው ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ሲሉት ግራ ገባው። ለሚስቱ ሲነግራት ግን ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። «እኔ ባሌን የጠየቀችኝ መስሎኝ!» ትላለች ሜትር፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ማስተካከል እንደሚቻል ነግረውታል፤ ግን ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ክፍያ ይፈልጋል።

«ይስተካከል እንዴ?» አላት።

«ተወው፤ እኔና አንተ ምን ለየን።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ ወዲያ የቤቱ ቀልድ ሆነ። እሱ ሻይ ሲያምረው፣ «ኧረ ከፋይ! ባለቤቱ ተጠማ!» ይላል። እሷ ወር ደርሶ ገንዘቧን ቋጥራ ስትወጣ፣ «ከፋይ መሄዷ ነው፤ ባለቤት ይተኛ» ትለዋለች። አከራይዋ በግድግዳው ወዲያ ሆና ምን እንደሚያስቃቸው አይገባትም ነበር። ድሃ ሲስቅ ሁልጊዜ የሚጠረጠር ነገር አለው።

ክፍያው ሲያልቅ እሑድ እሑድ ቦታቸውን ሄደው ማየት ጀመሩ። ድንጋይና ሣር እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሜትር ግን ሣሩ ላይ በእርምጃ ክፍል ታወጣለች። «እዚህ እኛ፣ እዚህ ወጥ ቤት፣ እዚህ እማ። የእማ በር በዚህ ይሁን፣ ሰው ሳያያት ወጥታ እንድትገባ።» ባሏ ደግሞ የሳሎኑን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ላድርገው ይላል።

«ለዚህ ሁሉ መስታወት መጋረጃውን ማን ይገዛል?»

«ከፋይ ምን ሥራ አላት?»

በሌለ ቤት ተከራክረው፣ በአቧራ ተለውሰው፣ እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ባልየው ሣሩ ላይ፣ የእማ ክፍል በሚሆነው በኩል፣ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወዲያ ሲወረውር «ተው፣ መስኮቷን ሰበርከው» ብላው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሜትር ለእናቷ ደወለች። «እማ፣ መሠረቱን ልናወጣ ነው፤ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለቻቸው። አሮጊቷ በስልኩ ሳቁ፣ መልሰው አለቀሱ፣ ጎረቤት ሊነግሩ ስልኩን ሳይዘጉት ወጡ።

ባልየው አንድ ታናሽ ወንድም አለው። አባታቸው ሲሞቱ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገው እሱ ነው፤ አዝሎት ሥራ ይውል ነበር። ልጁ አድጎ ሹፌር ሆነ፤ የሰው መኪና መንዳት ሲሰለቸው የራሱን የጭነት መኪና በብድር ሊገዛ ተነሣ። አበዳሪዎቹ መያዣ ጠየቁት። ታላቁ ወንድሙ ወደሚሠራበት ሄዶ መሰላሉ ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ ለጥቂት ወር ብቻ ነው። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ለመንገደኛ እንኳ እሺ የሚል ሰው፣ አዝሎ ላሳደገው ልጅ ምን ይበል? ለሚስቱ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ገባ፤ ስለ እናቷ ክፍል ስታወራ ደስ ብሏት አገኛት፤ ነገ ይሁን አለ። ነገም እንደዚያው ሆነ። አበዳሪዎቹ ዘንድ የሌላ ሰው ፊርማ አላስፈለገም፤ በቦታው ወረቀት ላይ ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ፈረመ።

መኪናው ዝናብ በጣለበት ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። የወንድምየው ነፍስ ተረፈች፣ እግሩ ተሰበረ፣ መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነ። ዕዳው ግን ምንም አልሆነም።

ሜትር አደጋውን ሰምታለች፤ ስለ ፊርማው ግን አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደንበኛ መጋረጃ እየቀመቀመች ነው፤ ባሏ ጨርቁ መሬት እንዳይነካ በሁለት እጁ ይዞላታል። «ግንበኛውን አነጋግሬዋለሁ። ነገ ይዘነው እንሂድና ችካል ይትከል» አለችው። መልስ የለም። አልሰማኝም ብላ ደገመችለት። ዝም አለ። ማሽኑን አቆመች። ከዚህ ሰው ጋር በኖረችበት ዘመን አንድ ነገር ብላው እሺ ሳይላት የቀረበት ጊዜ የለም። ቀና ብላ አየችው። ጨርቁን በሁለት እጁ ጨምድዶታል።

«ምን ሆነሃል?»

«ግንበኛውን ተይው።»

«ለምን?»

«ቦታው የለም።»

«ቦታ ደሞ የት ይሄዳል? መሬት እኮ ነው!»

ነገራት። ከመሰላሉ ጀምሮ እስከ ሐራጁ ድረስ ነገራት። ሐራጁ አልፏል፤ ቦታው የሌላ ሰው ሆኗል። ሜትር አልጮኸችም። ልብ ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «መቼ ነው የፈረምከው?» አለችው። ወሩን ነገራት። በልቧ ወደኋላ ሄደች። እሱ ከፈረመ በኋላ ብዙ እሑዶች አልፈዋል። እዚያ ሣር ላይ እማ እዚህ፣ እኛ እዚህ ስትል ሁሉን ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው የሳሎኑን መስታወት የተከራከራት። እያወቀ ነው ድንጋዩን ወርውሮ የሳቀው። ከቦታው መሸጥ ይልቅ ያረዳት ይህ ነው።

«ልጄ ነው እኮ» አለ ባሏ። «ወንድሜ አይደለም፤ ልጄ ማለት ነው። እንዴት አይሆንም ልበለው?»

«እኔስ?» አለችው። «እኔስ ምንህ ነኝ?»

ጨርቁ ከእጁ ወድቆ መሬት ነካ፤ ሁለቱም አላነሡትም።

ሰኞ ጠዋት ሜትር ቦታ ሻጮቹ ቢሮ ሄደች። ያቺ ጸሐፊ የለችም፤ አንድ ትሑት ጎልማሳ ተቀምጧል። ወንበር ሰጣት፣ እስከ መጨረሻው ሰማት። «እናቴ፣ የከፈሉት እርስዎ መሆንዎን እኛም እናውቃለን። ሕጉ ግን የሚያውቀው ባለቤቱን ነው» አላት። ክፉ ቢናገራት ይሻላት ነበር፤ ለክፉ ሰው መልስ አታጣም። አመስግናው ወጣች።

ጎረቤቱ ፍቺ ጠበቀ። ሜትር ግን ሻንጣ አላነሣችም። ወንድምየው በክራንች መጥቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ደግፋ አነሣችው፤ ምን ታድርገው? እሱም ተሰብሯል። ባሏ ምግብ ሲቀርብ እየቀማመሰ ይተዋል። ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። እሺ ማለቱንም ተወ፤ አሁን ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ቀልዱ ከዚያ ቤት ጠፋ። ሜትር ሆድ ይፍጀው ብላ መርፌዋን ቀጠለች፤ ስትሰፋ እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይወርድ ብቻ ትጠነቀቃለች፣ የሰው ነው።

የቀሩት እናቷ ናቸው። ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም። አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች።

ወንድሟ ቤት ስትደርስ ሳሎኑ ሌላ ሆኗል። የእናቷ አልጋ የነበረበት ቦታ ላይ አዲስ ሶፋ ተቀምጧል፤ ላስቲኩ እንኳ ገና አልተቀደደም። አሮጊቷ እጇን ይዘው ከቤቱ ኋላ ወደ ፀሐይ አወጧት።

«አልጋሽስ የት ሄደ?»

«ሸጥነው! ለሶፋው መግዣ ይሁናችሁ ብዬ እኔው ነኝ ሽጡት ያልኳቸው። ልሄድ አይደል? የተሸከሙኝን ያህል እኔም ይቺን ላድርግላቸው ብዬ። ምራቴ አለቀሰች እኮ! እስከዚያው ፍራሽ አለኝ፤ ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ እንተኛለን፤ ያጫውቱኛል።»

ሜትር የእናቷ ጭን ላይ ተደፋች። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ገብስማ ፀጉር ያላት፤ እንደ ልጅ አለቀሰች። ከእንባዋ መሐል ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጸሐፊዋን፣ መሰላሉን፣ መኪናውን፣ ሐራጁን። ምንም አላስቀረችም። አሮጊቷ ጀርባዋን እየደባበሱ አዳመጡ። ሐራጁ ላይ ስትደርስ እጃቸው ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ።

«ባልሽን እንዳትገፊው» አሉ በመጨረሻ። «ማን ማን ሰማ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እዚህ ቤት እንዳትናገሪ።» ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ይቺም ልጅ ሶፋዋን የገዛችው ትሄዳለች ብላ ነው። ምንም አትለኝም፣ ደግ ናት። ግን ያን ሶፋ ባየች ቁጥር እኔን እንድታይ አልፈልግም። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፤ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ።»

ምሳ ቀረበ። ምራትየዋ ገና ከመቀመጧ፣ «እትዬ፣ ቤቱ ከምን ደረሰ? እስቲ ንገሪን!» አለቻት። ሜትር እናቷን አየች። እናቷ ሳህናቸውን ያያሉ። መስኮት አልብሳ የማታውቀው ቤት የለምና፣ ከዚህም ከዚያም እየወሰደች ነገረቻቸው። ግድግዳው ቆሟል አለች። የሳሎኑ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ነው አለች። የእማ ክፍል የራሱ በር አለው፣ መስኮቱም ደህና ሰፊ ነው፣ መጋረጃውን ሰፍቻለሁ፣ ስሱ ነጭ ነው፣ ወፍራሙ ደግሞ የቅቤ መልክ ያለው ነው አለች። ወንድሟ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። «የኔ እህት፣ አኮራሽን!» አላት። ልጆቹ እኛም እንሄዳለን ብለው ጮኹ።

«በሩ ላይ ደረጃ እንዳታደርጊ ብያታለሁ» አሉ እናቷ፣ ከሳህናቸው ቀና ሳይሉ። «ጉልበቴ አይችልም።»

«አላደረግሁም፣ እማ» አለች ሜትር።

ወደ አውቶቡሱ የሸኟት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላውን ሁሉ «እናንተ ቅሩ፣ እኔ እሸኛታለሁ» ብለው መለሱት። ቀስ እያሉ ሄዱ። አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲሳፈር ተቃቀፉ። ሜትር አንድ እግሯን ደረጃው ላይ ስታደርግ አሮጊቷ እጅጌዋን ያዟት።

«የኔ መስኮት ወደየት በኩል ነው ያልሽው?»

አእምሯቸው አልሳተም፤ ሁሉን ነግራቸዋለች፣ ሁሉን ሰምተዋል። ዓይን ዓይኗን እያዩ መልሷን ይጠብቃሉ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

«ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል ነው፣ እማ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ እናቷ፣ እጅጌዋን እየለቀቁ። «ጠዋት ጠዋት ይበርደኛል።»